አገር ቤት የምንለው ድምፅ ከየት መጣ?



ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የወጪው ዝርዝር ሲነበብ «ክራር ማስጠገኛ» የሚለው ላይ ሲደረስ ቤቱ ተንጫጫ። አንድ ታላቅ ወንድማችን ተነሥተው፣ «ዕድር ሬሳ ይሸኛል፣ የታመመ ይጠይቃል፤ ዘፈን ምን አገባው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያው ወር ሁለት እኅቶቻችንን የትኬት ገንዘብ አሰባስበን ነው ወደ አገር የሸኘነው፤ ከሣጥኑ የወጣው ገንዘብ እስካሁን አልተተካም። እኔም ክራሩን ለማስጠገን እጄን ካወጡት አንዱ ስለነበርኩ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። የዚያን ቀን መልስ አላገኘሁም፣ ዝም አልኩ። በኋላ ኮሚቴው «እንግዲያው ጻፍበትና እንየው» ስላለኝ ይኸው ጻፍኩ። ክርክር አይደለም፣ ታሪክ ነው። ታሪኩን ካነበባችሁ በኋላ በወጪው ላይ የራሳችሁን ፍርድ ስጡ።

እስቲ መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ከሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች አንዱን ክፈቱ። የትኛውም ይሁን። ሳክስፎኑን ስሙት፣ ትዝታ ነው፤ ሆድን ያባባል። ጓደኛችሁ ፊሊፒናዊውም ሆነ ኬንያዊው አጠገባችሁ ቢኖር «ይሄ የኛ አገር ሙዚቃ ነው» ትሉታላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ያንን የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን ያመጣው ማነው? ከሥር የሚመታው ከበሮስ የማነው? እሱን ስጠይቅ ነው የገረመኝ ነገር የገጠመኝ። የኛ የምንለውን ድምፅ የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ እንደኛው ከቤታቸው ርቀው የኖሩ ናቸው።

ከነሐሱ ልጀምር። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩላቸው። ያ ጅማሬ ነው። ትልቁ ነገር የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ ውጭ አገር ጉብኝት ሲወጡ ኢየሩሳሌም ደረሱ። እዚያ በአርመኖች ገዳም ውስጥ ወላጅ የሌላቸው ልጆች መለከትና ጥሩምባ ይዘው ተቀበሏቸው። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1915 ቱርክ ውስጥ ከተጀመረው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ናቸው። ራስ ተፈሪ ሲያዩዋቸው ልባቸው ተነካ፤ ከአርመን ቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር ተስማምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እሱም አርመን ነው።

እነሱም በኮንትራት ነው የመጡት። ይቺን ነገር ሳነብ ሣቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሣቁ ቆመብኝ። እናት አባቱ የተገደሉበት ልጅ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ በውል ተቀጥሮ፣ የሰው አገር ንጉሥ ፊት መለከት ይነፋል። ውላቸው ሲያልቅ አብዛኞቹ ሄዱ። ኬቮርክ ግን ቀረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ የተሰማው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማው የኬቮርክ ነው። እስከ አብዮቱ ድረስ ተማሪው በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እየዘመረው አደገ። የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ የሠራው አንድ ስደተኛ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም» እንላለን፤ እኔም እላለሁ፣ ልጄንም እንዲህ ብዬ ነው የማስተምረው። ነገር ግን ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ያለው አምስት ዓመት በሙዚቃችን ላይ ያደረሰውን ካልተናገርን ታሪኩ ጎዶሎ ነው። (በነገራችን ላይ «ቅኝት» እና «ቅኝ ግዛት» ሁለቱም «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የመጡ ናቸው። ክራርም ይቃኛል፣ የሰው አገርም ይቃኛል። ቋንቋችን አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።)

ጣልያን ከመግባቱ ቀደም ብሎ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ሀገር ፍቅር ሲባል ሁላችንም ቲያትር ቤቱን እናስባለን። ሲጀመር ግን ማኅበር ነበር፣ እንደኛው። ሕዝቡን አደባባይ እየሰበሰቡ በንግግርና በዘፈን «ጦር እየመጣ ነው፣ ተዘጋጅ» ይሉት ነበር። ዘፈኑ የመጣው ከማኅበሩ ሥራ ጋር አብሮ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሲደክመው የሚጨመር ማጣፈጫ አልነበረም። ታላቅ ወንድማችን ይሄን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ።

አዝማሪዎቹስ? አዝማሪ በዚያ ዘመን የሚዞር ጋዜጣ ነው። ሬድዮ በሌለበት፣ ማንበብ የሚችለው ጥቂት በሆነበት አገር፣ ወሬው ከገበያ ገበያ የሚሄደው በማሲንቆ ነው። ያውም በሰምና ወርቅ። ጣልያን አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ቢቀጥር ሰሙን ይተረጉምለታል፤ ወርቁን የሚሰማው ጠጅ ቤት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በወታደር መጠበቅ አይቻልም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ላይ የወረደውን ታውቃላችሁ፤ የሰማዕታት ሐውልት ስድስት ኪሎ ቆሟል። የሚቀጥለው ትእዛዝ ግን ብዙ አይወራም። ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎች፣ ባሕታውያንና እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። የጣልያን ዕድሜ አጭር ነው እያሉ ሕዝቡን ያነሣሣሉ የሚል ነው ምክንያቱ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያለው መንግሥት አንድ አውታር ያለው ማሲንቆ ፈራ። ምን ያህል አዝማሪ በየመንገዱ እንደቀረ፣ ከነሱ ጋር ስንት ዜማ እንደተቀበረ ቁጥር የያዘ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ እኛው ራሳችን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል መሰደቢያ አድርገን መቀጠላችን እኔን ሁሌም ያሳፍረኛል።

ነፃነት ሲመለስ ባንዶቹ በዙ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙዎቹን አሠለጠነ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬውን ብሔራዊ ቲያትር) ኦርኬስትራ ያሳደገውም እሱ ነው። የነርሲስ ጭንቀት አንድ ነበር፤ በአምስት ድምፅ የቆመውን የኛን ቅኝት እንዴት አድርጎ ብዙ መሣሪያ ለያዘ ባንድ ይጻፍ? ሁሉንም ድምፅ ከሞላህበት ቅኝቱ ይጠፋል፤ ካልሞላህበት ባንዱ ሥራ ይፈታል። ይህ ጥያቄ ነው ሙላቱ እጅ የገባው።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። ቤተሰቡ ኢንጂነር ይሆንልናል ብለው ገና በአፍላ ዕድሜው ወደ ብሪታንያ፣ ዌልስ ላኩት። (ወላጆቻችሁ እናንተንም ምን ይሆኑልናል ብለው እንደላኳችሁ አስቡ፤ የሆናችሁትንም አስቡ።) እሱ ግን ሙዚቃ መረጠ። ለንደን ተማረ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገባ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ እሱ ነው ይባላል። ከዚያ ኒውዮርክ ወረደ።

ኒውዮርክ ማንን አገኘ? ፖርቶ ሪኮዎችን። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ታሪኩ የሚጠነክረው እዚህ ጋ ነው። ፖርቶ ሪኮና ኩባ ደሴቶች ናቸው። ስፔን ለአራት መቶ ዓመት ገደማ ገዛቻቸው፤ ሸንኮራ አገዳውን የሚቆርጡላት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በሰንሰለት ታስረው በመርከብ የተጋዙ ሰዎች ናቸው። ባርነት በፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ1873፣ በኩባ በ1886 ቀረ። እነዚያ ሰዎች ዕቃ ይዘው አልመጡም፣ ስማቸውንም ተነጥቀዋል፤ ምቱን ግን ይዘውት መጡ። ከእንጨትና ከቆዳ እንደገና ሠሩት። ኮንጋ የሚባለው ረጅም ከበሮ የዚያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካ ፖርቶ ሪኮን ከስፔን ወሰደች፤ ልጆቻቸው ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ፈለሱ። ፋብሪካ ገቡ፣ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጠቡ፣ ማታ ማታ ከበሮ መቱ።

ሙላቱ ከነዚህ ሰዎች ጋር ቡድን አቋቋመ። ስሙን «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» አለው፤ ኢትዮጵያዊው እሱ ራሱ ነው፣ የቀሩት አብዛኞቹ ፖርቶ ሪኮዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት ሸክላዎች አወጡ። በአንዱ ውስጥ «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» አለ። አዎ፣ ራሱ ነው! አያቶቻችን ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ የሚሉት የጦር ዜማ። ግን የሚዘፈነው በስፓኒሽ ነው። በባሪያ ነጋዴ መርከብ የተጋዘ ምት፣ በገዢዎች ቋንቋ፣ የኢትዮጵያ አርበኞችን ዜማ ሲጫወት ስሙት። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

እውነቱን ለመናገር ሙላቱ «የቅኝ ግዛትን ታሪክ ልናገር» ብሎ አልተነሣም። የሙዚቃ ጥያቄ ይዞ ነው የተነሣው። ኢትዮ ጃዝ ያለው ነገር ዘዴው እንዲህ ነው፤ ዜማው ከአራቱ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ) አይወጣም። ከሥሩ የጃዝ ስምምነት ይገባል፣ ግን ቅኝቱን እንዳይሸፍነው በጥንቃቄ። ከዚያ በታች የደሴቶቹ ከበሮ። ስታዳምጡ ከላይ ወደ ታች ስሙት። መጀመሪያ ዜማውን ብቻ ተከተሉ፣ ቀጥሎ ፒያኖውን፣ መጨረሻ ከበሮውን። ሦስት አህጉር ትሰማላችሁ። ታሪኩ የገባው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠራው፣ በምቱ ውስጥ።

አገር ቤት ሲመለስ ሁሉም እልል አላለለትም። የኛን ዜማ አበላሸው፣ ይሄ ምን ጉድ ነው ያሉ ነበሩ፤ እሱ ራሱ በየቃለ መጠይቁ ያነሣዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ አብረው ተጫወቱ። በ1974 አምሃ እሸቴ በራሱ ማተሚያ «የካቲት» የሚለውን የኢትዮ ጃዝ አልበም አወጣለት፤ ስሙ የአብዮቱ ወር ነው። ያ አብዮት ደግሞ የሰዓት እላፊ ይዞ መጣ። ሰዓት እላፊ ባለበት አገር የሌሊት ሙዚቃ አይኖርም። አምሃ ራሱ በዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እነዚያ ዜማዎች እንደገና ዓለም የሰማቸው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ስብስብ ፈረንሳይ አገር ታትሞ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገቡ ነው። ዛሬ እዚህ ዶሃ ሆቴል የምትሠሩ፣ ሎቢው ውስጥ ድንገት ሙላቱን ሰምታችሁ «ይሄ የኛ ነው!» ብላችሁ ለማን እንደምትነግሩ ጠፍቷችሁ አያውቅም?

ኩባና ፖርቶ ሪኮ ሩቅ ናቸው ትሉኝ ይሆናል። የባሕር ከበሮው ግን እዚሁ ሰፈራችን አለ።

ካታራ ላይ የጀልባዎቹ በዓል ሲሆን፣ ወይም በታኅሣሥ የኳታር ብሔራዊ ቀን፣ የባሕል ቡድኖች ሲጨፍሩ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ጥበቃ የምትሠሩት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የምትሰሙት። ከዕንቁ ጠላቂዎቹ ዘፈን ጋር እንደ እንስራ ያለ ሸክላ በእጅ ይመታል፤ ያ የባሕሩ ነው። ሌላው ግን ትላልቅ ከበሮና እንደ ጥሩምባ የሚጮህ የሸምበቆ መሣሪያ ያለበት ክብ ጭፈራ፣ «ለይዋ» የሚባለው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከነዛንዚባር በኩል የመጣ ነው። የስዋሂሊ ቃላት አሉበት። «ታንቡራ» የሚሉት ደግሞ አለ። ታንቡራ ስድስት አውታር አለው፤ ቅርጹን ስታዩ «ክራር!» ትላላችሁ። ክራር አይደለም፣ ዘመዱ ነው፤ በኑቢያና በሱዳን በኩል የመጣ። ከሱ ጋር አንዱ ሰው የፍየል ሰኮና የተሰፋበት መቀነት ታጥቆ ወገቡን ያወዛውዛል፣ ሻካ ሻካ ይላል። ታንቡራ የሚመታው ለጭፈራ ብቻ አልነበረም፤ መንፈስ ለያዘው ሰው ነበር። የመንፈሱን ስም ታውቁታላችሁ። ዛር ይሉታል። ብዙ አጥኚዎች ቃሉ ከኛው አገር የሄደ ነው ይላሉ።

እነዚህ ነገሮች በንግድ ብቻ አልመጡም። ምሸይረብ ሜትሮ ጣቢያ፣ ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙበት ስትወርዱ፣ ትንሽ ሄድ ብሎ «ቢን ጀልሙድ ቤት» የሚባል ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተ ነው። ቤቱ ድሮ የባሪያ ነጋዴ ቤት ነበር፤ ዛሬ የባርነትን ታሪክ ያሳያል፣ ሳይደብቅ። እኔ ባንድ አርብ ብቻዬን ሄድኩ። ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከኛም አገር፣ በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላ እየተጫኑ ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ሰዎች አሉ። ወንዶቹ በዚህ ባሕር ዕንቁ ጠልቀዋል፣ ተምር ለቅመዋል፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ አገልግለዋል። ኳታር ባርነትን የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ካሣ የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው።

እዚህ ጋ ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ አንቀስር። ሰዎቹን ከየመንደራቸው አሳድደው ለነጋዴ የሸጡት የኛው ጌቶች ናቸው። ኢትዮጵያ ባርነትን ጨርሳ በአዋጅ የሻረችው በ1934 ዓ.ም.፣ ከነፃነት በኋላ ነው፤ ከኳታር የምንቀድመው በአሥር ዓመት ብቻ ነው። ይሄን መጻፍ ደስ አይልም።

የኛን ኑሮ ከነሱ ጋር አንድ ነው አልልም። ደሞዝ አለን፣ ወር ሲሞላ የሚላክ ገንዘብ አለን፣ «መቼ ትመጣለህ?» የሚል ሰው አገር ቤት አለን። ግን ስልኳን የተቀማች እኅት ስታለቅስ የሰማ ሰው፣ የደላላ ዕዳ ሳይጨርስ የታመመ ወንድም የጠየቀ ሰው፣ ያን ሙዚየም ሲያይ እግሩ ይከብዳል። እኔ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የነዚያ ሰዎች ስም አብዛኛው የለም። ዕድር አልነበራቸውም፣ የሚሸኛቸው አልነበረም። የቀረው ምታቸው ነው፤ ስድስት አውታር ያለው መሣሪያና የፍየል ሰኮና። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሱ እንዴት ተረፈ ብላችሁ ጠይቁ። ተሰብስበው ስለሚጫወቱት ነው። በዕረፍታቸው፣ አንድ ላይ ሆነው፣ ለሚቀጥለው እያሳዩ።

ስለዚህ ክራሩ።

የታላቅ ወንድማችንን ነገር አልጣልኩትም። የሬሳና የትኬት ሣጥኑ ከምንም ይቀድማል፣ አይነካም። እኔ የማቀርበው ክራሩ በተለየ መዋጮ እንዲያዝ ነው፤ በሰው አምስት ሪያል ከበቂ በላይ ነው። በአርብ ከሰዓቱ ሰዓት ላይ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዎች እየመጡ ነው፤ አራቱ በቤት ሠራተኝነት ያሉ እኅቶች ናቸው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው ዕረፍታቸው፣ አንዷ ባቲን ከኔ በተሻለ ትቃኛለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት። ታላቅ ወንድማችንም ከዚያ በፊት አንድ አርብ ብቅ ቢሉልን፣ ሻዩ በኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተጠገነው ክራር ሁለት አውታር እንደገና ተበጥሷል። ለእንቁጣጣሽ ወደ አገር የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ከበርበሬው ጎን ትንሽ ቦታ ፈልጉልን፤ የሚገዛውን አውታር ዓይነት ለጸሐፊዋ ጽፌ ሰጥቻታለሁ።